ሌሊቱን ሙሉ ይሸመድዳል፣ ጠዋት የለም

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። 26 ዓመቴ ነው። ፒያሳ አንድ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ግንፍሌ አካባቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖራለን። እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ወንድሜ 16 ዓመቱ ነው። ጎበዝ ስለነበር የውጭ ካሪኩለም የሚያስተምር ትምህርት ቤት በነፃ ተቀብሎት 10ኛ ክፍል ደርሷል። አሁን በአንድ ሳምንት ሦስት ፈተና አለበት። አንዱ ኢኮሎጂ፣ አንዱ ስለ ማኅበራዊ ልማዶች፣ ሦስተኛው የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስትራቴጂ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጮክ ብሎ ይሸመድዳል። ጠዋት ስጠይቀው ግማሹ የለም። “ይሄ ሁሉ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?” ይለኛል። በጣም የገረመኝ ደግሞ ቀላሉን፣ የልማዱን ደብተር ጭራሽ አለመክፈቱ ነው። ባለፈው ተናድጄ ስልኩን ቀማሁት። ከዚያ ወዲህ አኩርፎኛል። አስጠኚ ልቀጥርለት ብዬ ብር ማጠራቀም ጀምሬያለሁ። ግን የቤት ኪራይ አለ፣ የእድርም የሦስት ወር ውዝፍ አለብን። እኔ ራሴ እነዚህን ነገሮች አልተማርኳቸውም። ምን ላድርግ?»

የእኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የቸኮለውን አስቀድሜ ልመልስልሽ። አስጠኚ አትቅጠሪ። ቢያንስ ለዚህ ፈተና አይሆንም። ሳምንት ሲቀረው የሚመጣ አስጠኚ ሌላ ኖት ይዞ ነው የሚመጣው። ልጁ ደግሞ የጎደለው ኖት አይደለም። ስልኩንም መልሺለት። «ማታ ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት እኔ ጋ ይቀመጣል» ብላችሁ ተስማሙና የቀረውን ተይው። በ30 ዓመት ማስተማር ውስጥ ስልኩን ተቀምቶ ያጠና ልጅ አላጋጠመኝም። ያኮረፈ ግን ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሽምደዳው። ጮክ ብሎ አሥር ጊዜ ያነበበ ሰው ያወቀ ይመስለዋል። ገጹ ፊቱ ስላለ ነው። ገጹ ሲዘጋ እውቀቱም አብሮ ይዘጋል። እስኪ አንቺ የፋርማሲሽን መድኃኒቶች እንዴት አወቅሻቸው? ሸምድደሽ ነው? አይደለም። ሰው ይጠይቅሻል፣ ታስቢያለሽ፣ መደርደሪያው ጋ ትሄጃለሽ፣ ትሳሳቻለሽ፣ ትመለሻለሽ። ወንድምሽም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ማታ ደብተሩን ይዝጋና ለአንቺ ያስረዳ። አለማወቅሽ እዚህ ላይ ትልቅ ሀብት ነው። «አልገባኝም፣ እንዴት?» ስትዪው ከልብሽ ስለሆነ ልጁ ማምለጫ የለውም። የተጠራጠረበትን ቦታ ብቻ ከፍቶ ይይ፣ መልሶ ይዝጋ። ከአራት ሰዓት በኋላ ደግሞ ይተኛ። ሌሊት የተሸመደደው የት እንደሚሄድ አይታችሁታል።

ከጦርነቱ ልጀምር። የታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ ማዳላቴ አይቀርም።

የግድግዳ ካላንደር ገልብጪለት። ጀርባው ላይ የአሜሪካን ምሥራቃዊ ግማሽ በግርድፉ ይሳል። ከላይ ወደ ታች የሚሲሲፒን ወንዝ ያስምር። በስተቀኝ አትላንቲክ፣ ከታች የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። ቀን አይጻፍ፣ የጄኔራል ስም አይጻፍ። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፦ እያንዳንዱ ወገን «አሸነፍኩ» ለማለት ምን ማድረግ ነበረበት?

ሁለቱ እኩል ሥራ አልነበረባቸውም። ሰሜኑ ባርነትን ይዞ የተገነጠለውን ያን ሁሉ የደቡብ አገር መልሶ መያዝ ነበረበት። ደቡቡ ግን አለመሸነፍ ብቻ ይበቃው ነበር። የሰሜኑ ሕዝብ ሰልችቶት «በቃ ይሂዱ» እስኪል መቆየት። ይህን ከያዘ ሌላው ተከትሎ ይመጣል። ሰሜኑ 22 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበረው። ደቡቡ 9 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ 3 ሚሊዮን ተኩል የሚሆነው በባርነት የተያዘ ነው። ፋብሪካውም ሐዲዱም በብዛት ያለው ሰሜን ነው። ስለዚህ ጊዜ የሚያደላው ለማን ነው? እዚህ ላይ ይከራከርሽ። ሁለቱም መልስ ያስኬዳል።

ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1861 ሲጀመር የሰሜኑ ጦር አዛዥ ዊንፊልድ ስኮት የሚባል ያረጀ ጄኔራል ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። የባሕሩን በር በመርከብ ዝጋ። ሚሲሲፒን ይዘህ ደቡቡን ለሁለት ክፈል። ከዚያ አጥብቀህ ጠብቅ። ጋዜጦቹ ቀለዱበት። «አናኮንዳ» አሉት፣ ጠምጥሞ የሚገድለውን ዘንዶ ማለታቸው ነው። ሕዝቡ ቶሎ ብሎ የደቡቡ መዲና ሪችመንድ ገብቶ መገላገል ነበር የፈለገው። በኋላ የሆነው ግን በአብዛኛው ሽማግሌው ያሉት ነው።

ቪክስበርግን ካርታው ላይ ያስገባ። ወንዙ ዳር፣ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። መድፎቿ ወንዙን ዘግተውታል። የሰሜኑ ጄኔራል ግራንት ከላይ በኩል ሞክሮ ሞክሮ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1863 መርከቦቹ በሌሊት ከመድፎቹ ሥር ሾልከው አለፉ። ወታደሩ በማዶው ዳር በእግሩ ወረደ። ከከተማዋ በታች ተሻግሮ በጀርባዋ መጣባት። ሁለት ጊዜ ሰብሮ ሊገባ ሞክሮ ብዙ ሰው አለቀበት። ከዚያ ከበባት። ከበባው 47 ቀን ፈጀ። ነዋሪው ዋሻ ቆፍሮ ገባ፣ በቅሎ ታርዶ ተበላ። ጁላይ 4 ቀን እጅ ሰጠች።

ይህን ወንድምሽ ያውቀዋል። ስሙ ሌላ ሆኖበት ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጣሊያኖች የመሸጉበት ምሽግ እንዴት ተለቀቀ? የእኛ ሰው መጀመሪያ በጉልበት ገፋ፣ ብዙ ሰው ወደቀ። ከዚያ እቴጌ ጣይቱ ምንጩ ይያዝ አሉ። ውኃው ከምሽጉ ውጭ ነበርና ምንጩ ሲያዝ ምሽጉ በጥም ተፈታ። ግራንትም ያደረገው ይኸው ነው፤ እሱ እንጀራውን ነው የያዘው። አድዋ የእርስ በርስ ጦርነት አይደለም፣ ፈተናው ላይ እንዳያምታታው። ለማስታወስ ግን ከዚህ የተሻለ ችንካር አላውቅም።

«ከእኛ ጋር ምን አገናኘው» ላለው ደግሞ ይህን ንገሪልኝ። ደቡቡ ትልቅ ተስፋ የጣለበት ጥጥ ነበር። የእንግሊዝ ፋብሪካዎች ያለ ደቡቡ ጥጥ አይሠሩም፣ ስለዚህ እንግሊዝ መጥታ ትረዳናለች ብለው አሰቡ። ጥጡንም ራሳቸው ሳይሸጡ ያዙት። እንግሊዝ ግን ካለፉት ዓመታት የተረፈ ክምችት ነበራት። ሲያልቅባት ወደ ህንድና ወደ ግብፅ ዞረች። የግብፅ ጥጥ ዋጋው ሰማይ ነካ። የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማኤል ገንዘብ እጁ ገባ፣ ብድርም አገኘ፣ ምኞቱም ከናይል ጋር ወደ ላይ ወጣ። የአሜሪካው ጦርነት ሲያበቃ ሥራ ያጡ መኮንኖችን ከሁለቱም ወገን እየቀጠረ ሠራዊቱን አደራጀ። ከመካከላቸው ዊሊያም ሎሪንግ የሚባል የደቡብ ጄኔራል ነበር። አንድ እጁን ቀደም ብሎ በሜክሲኮ ጦርነት አጥቷል። በቪክስበርግ ዘመቻ አንድ ክፍለ ጦር ይመራ ነበር፤ ከዋናው ጦር ተቆርጦ በመቅረቱ ከከበባው ያመለጠ ሰው ነው። ከዚያ ሁሉ ተርፎ በ1868 ዓ.ም. ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ከአፄ ዮሐንስና ከአሉላ ፊት ቆመ። እንዴት እንደተመለሱ ወንድምሽ ያውቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነውሬን ልናገር። ገና ወጣት አስተማሪ ሳለሁ ስለ ጉንደትና ጉራ እያስተማርኩ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ግብፆቹ ጋ አሜሪካኖች ምን ይሠሩ ነበር?» አለኝ። አላውቅም ነበር። «ፈተና ላይ አይመጣም፣ ተቀመጥ» አልኩት። ልጁ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ በእኔ ክፍለ ጊዜ እጁን ሲያወጣ አላየሁም። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የምነግረው ልጅ ግን የት እንዳለ አላውቅም።

ከጦርነቱ የቀረውን በአጭሩ። የሰሜኑ ፕሬዚዳንት ሊንከን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 ያወጣው የነፃነት አዋጅ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የስትራቴጂም ጉዳይ እንደነበር ይወቅ። የደቡቡን የሰው ጉልበት ነቀለ፣ ለሰሜኑ ጦር ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ጥቁር ወታደሮችን አስገኘ፣ እንግሊዝንም ከባርነት ጎን መቆም አሳፈራት። የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1864 መጨረሻ ላይ 60 ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከአትላንታ እስከ ሳቫና ባሕር ድረስ ሲሄድ የመታው ከሠራዊቱ ይልቅ ጎተራውንና ሐዲዱን ነው። ፈተናው «አወዳድር» ካለ ዓላማ፣ መንገድ፣ ውጤት እያለ ይጻፍ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ የዘመን አቆጣጠር። የኛ ልጆች በሁለት ካላንደር ስለሚኖሩ ቁጥሩ ይደባለቅባቸዋል። ከ1861 እስከ 1865 ያለው በእኛ ከ1853 እስከ 1857 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ዙፋኑ ላይ ያሉት አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ለንግሥት ቪክቶሪያ ያን መልስ ያጣ ደብዳቤ የጻፉት አሜሪካኖቹ እርስ በርስ በሚተላለቁበት በ1862 እ.ኤ.አ. ነው። ቴዎድሮስንና ሊንከንን አንድ መስመር ላይ ያስቀምጣቸው። ከዚያ አይጠፉበትም።

ኢኮሎጂው ሰፈራችሁ ውስጥ ስላለ ብዙ አላስቸግርሽም። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጪ ግንፍሌ ድልድይ ላይ አብራችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ውኃው ከየት መጣ? ከእንጦጦ። ወዴት ይሄዳል? ወደ አቃቂ፣ ከዚያ ወደ አዋሽ። አንዳንድ ቀን ለምን የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል? ቆሻሻው ሲበዛ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ይበዛሉ። ውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሱታል። ኦክስጅን ሲያልቅ ያለ ኦክስጅን መኖር የሚችሉት ይረከባሉ፣ ሽታው የእነሱ ነው። ዓሣ የለም፣ ዓሣ የሚበላ ወፍ የለም። ይህን በራሱ ቃል ከተናገረ አምራች፣ ተመጋቢ፣ አብስባሽ የሚሉትን ቃላት መሸምደድ አያስፈልገውም።

የእንጦጦው ባሕር ዛፍ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይወጣዋል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ጽዱና ወይራው ለማገዶ አለቀ። እንጨት ጠፍቶ መዲናዋ አዲስ ዓለም ወደምትባለው ከተማ ልትዛወር ሁሉ ነበር። ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ይበቅላል። ግን ከሥሩ ምን ይበቅላል? ሄዶ ይይ። ከተማ ያዳነ ዛፍ ጫካውን ምን አሳጣው የሚለው ጥሩ የፈተና መልስ ነው። ለክርክርም ይመቻል።

የኃይል ዝውውሩን በሥጋ ቤት አስረጂው። ሣሩ የያዘው ኃይል 10,000 ቢሆን ወደ በሬው የሚገባው በግምት 1,000 ነው፤ በሬውን ለበላው 100 ይደርሰዋል። የቀረው በመሮጥ፣ በመተንፈስ፣ በሙቀት ይሄዳል። ክትፎ ከሽሮ የሚወደድበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኃይል አንዴ ሄደ ሄደ። ንጥረ ነገር ግን ይዞራል። ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚያደባልቁት ይህንን ነው።

አሁን ኢኮሎጂውንና ልማዱን የሚያገናኝ አንድ ቦታ ልስጣችሁ፣ መንዝ ጓሳ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው 500 እንኳ አይሞላም። ቀበሮው ጭላዳዎቹ መካከል ተረጋግቶ እየሄደ አይጥ ያድናል፤ ብቻውን ከሚያድነው ይልቅ ይቀናዋል። ጭላዳዎቹም አይሸሹትም። ይህ ሁሉ ለምን ተረፈ? የመንዝ ሰው «ቀሮ» የሚባል ሥርዓት ነበረው። የጓሳው ሣር ለዓመታት ይዘጋል። ማንም አያጭድም፣ ከብት አያስገባም። ሣሩ ለቤት ክዳን ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ሰብሮ የገባ ይቀጣል። ሥርዓቱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደቆየ ይነገራል፤ የተቋረጠው ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ልማዱ ሲላላ ሣሩም ሳሳ። ወንድምሽ ይህን አንድ ምሳሌ በሁለቱም ፈተና ላይ ሊያወጣው ይችላል።

እንግዲህ ወደ ልማዱ ደብተር መጣን። እሱን ሆን ብዬ ነው ወደ ኋላ ያቆየሁት።

«ቀላሉን ጭራሽ አለመክፈቱ ይገርመኛል» ብለሻል። እኔን አልገረመኝም። ስለ ማኅበራዊ ልማድ የሚጻፍ ምዕራፍ ውስጥ ምን አለ? ልደት አለ፣ ሠርግ አለ፣ ቀብር አለ፣ ሐዘን አለ። «በአካባቢህ ያለውን የሐዘን ሥርዓት ግለጽ» የሚል መልመጃ አይጠፋም። ልጁ እናቱን ከቀበረ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ድንኳኑ ሲተከል አይቷል። ወንበር ተሸክሞ ሊሆን ይችላል። አንቺ ከፋርማሲ ስትመለሺ «ለምን አላጠናህም?» ትዪዋለሽ፣ እሱ ደግሞ ገጹን ገልጦ ያ ቀን ይመጣበታል። እርግጠኛ አይደለሁም፣ ቤታችሁ አልኖርኩም። ግን እኔ ብሆን እዚያ ነበር የምጀምረው።

አታስጨንቂው። አንድ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ሻማ ስታበሩ ቢሆን ደግሞ ይሻላል፣ አንቺ ጀምሪ። ያን ሰሞን አንቺ የምታስታውሺውን አውሪለት። ማን መጣ፣ ማን አደረ፣ ንፍሮውን ማን ቀቀለ። የሚያስቅሽ ነገር ካለ እሱንም ንገሪው፤ ለቅሶ ቤት የሚያስቅ ነገር አይጠፋም። ካለቀሰ ያልቅስ። ያን ማታ ጥናት የለም በቃ።

በሌላው ቀን ደብተሩ ራሱ ይከፈታል። ከተከፈተ በኋላ ነገሩ ቀላል ነው። የሶሺዮሎጂ ሰዎች ልማድን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ቢጣስ ሰው ፊቱን የሚያጠቁርበት ነው። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫሽ አለመነሳት፣ ቡና ተጠርቶ ሁለተኛውን ሳይጠጡ መውጣት። ሁለተኛው ቢጣስ ሰው የሚቀየምበት፣ የሚያገልበት ነው። የጎረቤት ቀብር ላይ አለመገኘት። ሁለቱን የሚለየው ቅጣቱ ነው። እድር ደግሞ ቅጣቱን በወረቀት ጽፎታል፣ ቀብር ለቀረ ይህን ያህል ብር ብሎ። ልማድ ወደ ሕግ ሲጠጋ ማየት የፈለገ ከእድር መተዳደሪያ ደንብ የተሻለ ማስረጃ የለውም።

ሌላ የሚጠየቅ ነገር አለ፣ የታሰበና ያልታሰበ ጥቅም። የእድር የታሰበ ጥቅሙ ሰው መቅበር ነው። ያልታሰበው ግን የትኛው ቤት ሰው እንደታመመ፣ የማን ልጅ ሥራ እንደፈታ፣ የትኛዋ አሮጊት ብቻዋን እንደቀረች መታወቁ ነው። እቁብም እንዲሁ ነው። ዕጣው ለገንዘብ ነው፣ መተማመኑ ግን ከገንዘቡ በላይ ይቆያል። ስለ ልማድ መለወጥ ከተጠየቀ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ተነስተው ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡትን ሰዎች ያንሳ። ሰፈሩ ፈርሶ ዳር ከተማ ሄደው ለእድራቸው ግን ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡ ስንቶች አሉ። የጡሩምባው ቦታ ላይ ቴሌግራም ገብቷል፣ ድንኳኑ ግን አለ። የቀረውና የተለወጠው ይኸው ነው።

ቅዳሜ ጊዜ ካገኛችሁ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረው ሕንፃ ውስጥ ያለውን ሙዚየም እዩ። ዕቃው የተደረደረው በብሔረሰብ ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ከልጅነት ይነሳና ጉልምስናን አልፎ ሞት ላይ ያበቃል። የመጨረሻውን ክፍል መግባት አለመግባቱን ለእሱ ተይለት። ለጥናት ቦታ ከጠበባችሁ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አንቺ ወጥ ስትሠሪ እሱ ስለ ቪክስበርግ ሲያስብ ይከብዳል።

የአስጠኚውን ብር ነገር ልጨርስ። የሦስት ወር ውዝፍ አለብን ብለሻል። እሱን ክፈይበት። የእድራችሁ ስብሰባ ቀን ወንድምሽን ይዘሽው ሂጂ። ብሩን እሱ ለጸሐፊው ይስጥ፣ ደረሰኙንም እሱ ይቀበል። የእናታችሁን ድንኳን ያስተከሉት ዳኛ እዚያ ካሉ ይህ እድር መቼ፣ በእነማን እንደተቋቋመ ይጠይቃቸው። ደብተርና እስክሪብቶ መያዙን እንዳይረሳ።